ከቪዲዮ ቤት አግዳሚ እስከ ጆን ዊክ ክፍል ሁለት

ወላይታ ሶዶ የመንገድ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል፣ ከሻሸመኔ፣ ከጅማ፣ ከሳውላና ከአርባ ምንጭ የሚመጣው ሁሉ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ይገጣጠማል። ሸቀጡ በሚያልፍበት መንገድ ወሬውም ፋሽኑም ያልፋል፤ በደርግ መጨረሻ ዓመታትና ከዚያ በኋላ ደግሞ የቪዲዮ ካሴት ተጨመረበት።

እስከዚያ ድረስ ሲኒማ ማለት በአመዛኙ አዲስ አበባ ነበር፤ አምፒር፣ ኢትዮጵያ፣ አምባሳደር። ለክፍለ ሀገር ከተሞች ፊልምን ደጃፋቸው ያደረሰላቸው ቪዲዮ ቤት ነው። ዕቃው ጥቂት ነው፦ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ በመስኮቱ ላይ የተወጠረ ጨርቅ፤ መግቢያው ሳንቲም። ወላጅ ልጁ ከትምህርት ቤት በቀረ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንኑ ቤት ነበር። ልጁ ግን በር ላይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «አክተሩ ማነው?»

መልሱ ብሩስ ሊ፣ ራምቦ፣ ሽዋርዜኔገር ወይም ቫን ዳም ከሆነ ቤቱ ይሞላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ያኔ ሶዶ ላይ በቤት ወላይትኛ፣ በቢሮ አማርኛ ይነገር ነበር። የካሴቱ ቋንቋ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱም አይደለም። ንግግሩ ቢያመልጥም ቡጢው አያመልጥም። ማን በደለ፣ ማን ተበደለ፣ ማን ይበቀላል የሚለው ከፊትና ከእጅ ይነበባል። በዚህ ሚዛን ጥሩ አክሽን ማለት ድምፁ ቢጠፋ እንኳ የሚገባ ፊልም ነው።

«ጆን ዊክ» ክፍል ሁለት በየካቲት 2009 ዓ.ም. ሲወጣ በዚህ ሚዛን በደንብ ቆመ። ዳይሬክተሩ ቻድ ስታህልስኪ በ«ማትሪክስ» ፊልም የጆን ዊክን ተዋናይ ኪያኑ ሪቭስን ተክቶ አደገኛ ትዕይንቶችን ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ ካሜራውን ራቅ አድርጎ ይተክላል፤ ተዋናዩ ከራሱ እስከ እግሩ ይታያል፤ ጠቡ በመቀስ አይከታተፍም። ሪቭስም ለዚሁ በጁዶ፣ በጁጂትሱና በተኩስ ለወራት ሠልጥኗል። ፊልሙ ሲከፈት በኒው ዮርክ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ድምፅ አልባው የበስተር ኪተን ፊልም ይታያል፤ ያለ ቃል በአካሉ ብቻ ታሪክ ይነግር ለነበረው ለዚያ ተዋናይ የቀረበ ምስጋና ነው። በመስታወት በተሞላው አዳራሽ የሚካሄደው ፍልሚያ ደግሞ የብሩስ ሊን «ኢንተር ዘ ድራገን» ላየ ሰው አዲስ አይሆንበትም። ሮም ላይ ብቅ የሚለው ፍራንኮ ኔሮም የ1958ቱ «ጃንጎ» ፊልም መሪ ተዋናይ ራሱ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ሥራውን የተወው ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳይ በደሙ ያተመበት የቆየ ቃል አለበት፤ ቃሉን የተቀበለው ሰው መጥቶ እኅቴን ግደልልኝ ይለዋል። እምቢ ሲል ቤቱ ይቃጠላል። ይህ ዓለም ግን ሕግ አለው። ሁለት ገዳዮች ሮም ላይ ሲተናነቁ ነፍሰ ገዳዮች የሚያርፉበትን ሆቴል መስኮት ሰብረው ይገባሉ፤ በሆቴሉ ክልል ደም ማፍሰስ ክልክል ስለሆነ ጠቡን አቁመው መጠጥ ያዝዛሉ። የአክሱም ጽዮንን ቅጽር ተማጽኖ የገባ ሰው ጥንት አይነካ እንደነበር ለሚያውቅ አገር ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው «ጉማ»ም የደም ዕዳንና ዕርቅን ይዞ የተነሣ ፊልም ነበር። ልዩነቱ ሽማግሌው ላይ ነው፤ በጆን ዊክ ዓለም ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ የለም፣ ያለው ዋጋ ቆራጭ ነው።

በቪዲዮ ቤት ሕግ ከተዳኘ ፊልሙ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ አያልቅም። ሳንቲም የከፈለ ተመልካች አክተሩ ሒሳቡን ዘግቶ ሲወጣ ማየት ይፈልጋል። እዚህ ግን ዊክ በሆቴሉ የኒው ዮርክ ቅርንጫፍ ውስጥ ገድሎ ሕጉን ይጥሳል፤ የአንድ ሰዓት ፋታ ተሰጥቶት እየሮጠ ፊልሙ ይቆማል። ገበያው ግን አልተቀየመም፤ የመጀመሪያው ክፍል በዓለም ዙሪያ ወደ 86 ሚሊዮን ዶላር ሲያስገባ፣ ሁለተኛው ከ170 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል።

ክፍል ሦስት በግንቦት 2011 ዓ.ም. ሲወጣ የቪዲዮ ቤቱ ዘመን አልፎ ነበር። ከቀሩት አግዳሚዎች ብዙዎቹ ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተመልካች ውለዋል፤ ፊልሙ ደግሞ በፍላሽና በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይዘዋወራል።