የጥርስ ሐኪም እጁን የሚያሠለጥነው በማን አፍ ነው?

ከሮማ ፎረም እስከ ኮምፒውተር መለማመጃ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮምን የጎበኘ ሰው በጥንቱ ፎረም መካከል ቆመው የቀሩትን ሦስት ረጃጅም የእምነ በረድ ዓምዶች ሳያይ አይመለስም። ዓምዶቹ የካስቶርና የፖሉክስ ቤተ መቅደስ ቅሪት ናቸው። በቤተ መቅደሱ መሠረት ሥር ትናንሽ ሱቆች ነበሩ። አርኪዮሎጂስቶች በ1980ዎቹ ሲቆፍሩ፣ ከአንደኛው ሱቅ የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ 86 የሰው ጥርሶች አገኙ። አብዛኞቹ ክፉኛ የተቦረቦሩ ነበሩ። ከዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ሱቅ ጥርስ የሚነቅል ባለሙያ ይሠራ እንደነበር ምሁራን የገመቱት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ያ ባለሙያ የዛሬው ማደንዘዣ መርፌ አልነበረውም። ሥራውን ከማን እንደተማረና የመጀመሪያውን ጥርስ ከማን አፍ እንደነቀለ ታሪክ አልመዘገበም። ጥያቄው ግን ዛሬም አላረጀም። ለጥርስ ሐኪም እጁ ከዕውቀቱ የማያንስ ዋጋ አለው፤ እጅ ደግሞ መጽሐፍ በማንበብ ብቻ አይሠለጥንም። ተማሪው የግድ በአንድ ነገር ላይ መለማመድ አለበት። በምን ላይ? ይልቁንም በማን ላይ?

የጥንቶቹ ባለሙያዎች

ከሮማውያን ገናናነት በፊት በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ኤትሩስካውያን ጥርስን በቀጭን የወርቅ ጥብጣብ ያስሩ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዘመን የወጣው የሮማውያን የዐሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግም ወርቅን ከሬሳ ጋር መቅበርም ሆነ ማቃጠል ሲከለክል፣ ጥርስ የታሰረበትን ወርቅ ለይቶ ፈቅዷል። በአንደኛው መቶ ዘመን የሕክምና መጽሐፍ የጻፈው ሮማዊው ኬልሰስ ደግሞ፣ የተቦረቦረ ጥርስ በጉጠት ሲያዝ እንዳይፈረካከስ አስቀድሞ ቀዳዳውን በእርሳስ መሙላት እንደሚበጅ መክሯል። ይኸው ሰው ቀዶ ጠጋኝ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ በግራውም እንደ ቀኙ የሚሠራ፣ በሽተኛው ስለጮኸ ብቻ የማይቸኩል ሊሆን እንደሚገባው ጽፏል።

ጥርስን መሰርሰር ግን ከሮምም ከኤትሩስካውያንም እጅግ የቀደመ ጥበብ ነው። በሮም የላ ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት አልፍሬዶ ኮፓና ባልደረቦቻቸው በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በፓኪስታን ምድር መህርጋር ከተባለ ጥንታዊ መቃብር 11 የተሰረሰሩ መንጋጋ ጥርሶች መገኘታቸውን ገልጸዋል። ጥርሶቹ የዘጠኝ ሰዎች ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከ7,500 እስከ 9,000 ዓመት ይገመታል። ተመራማሪዎቹ የባልጩት ጫፍ ያለውን መሰርሰሪያ በቀስት እያዞሩ ሲሞክሩት፣ ጥርስን ለመብሳት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ከሁሉ የሚደንቀው ይህ ነው፤ የመህርጋር ሰዎች ጨሌ ሠሪዎችም ነበሩ። ጠንካራ ድንጋይ እየበሱ ዶቃ ያወጡ ነበር። ተመራማሪዎቹ ጥርስ የመሰርሰሩ ጥበብ የመጣው ከዚሁ ሙያ ሳይሆን እንዳልቀረ ገምተዋል። ግምቱ እውነት ከሆነ፣ እጅን አስቀድሞ ሕይወት በሌለው ነገር ላይ ማሠልጠን የዘመናችን ፈጠራ አይደለም ማለት ነው።

መሣሪያው ሲፈጥን

ለብዙ ሺህ ዓመታት መሰርሰሪያው የሚዞረው በእጅ ነበር። አሜሪካዊው ጄምስ ሞሪሰን በ1871 እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ የጥርስ መሰርሰሪያ አወጣ፤ ይህም በደቂቃ እስከ 2,000 ጊዜ ይዞር ነበር። በ1875 ጆርጅ ግሪን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አስመዘገበ። በ1957 ደግሞ በጆን ቦርደን የተዘጋጀው በአየር ግፊት የሚዞር መሣሪያ ገበያ ላይ ሲውል፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 300,000 ዙር ደረሰ።

ፍጥነቱ ለታካሚው ስቃዩን አሳጠረለት፤ ለጀማሪው ተማሪ ግን አደጋውን አበዛው። የጥርስ ጠንካራው የላይ ሽፋን ውፍረቱ ቢበዛ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከሥሩ ለስለስ ያለው ክፍል ይገኛል፤ ከዚያም ውስጥ ነርቭና የደም ሥር አለ። እጁ ለቅጽበት የሳተ ተማሪ ጤነኛውን ክፍል ቦርቡሮ ነርቭ ላይ ይደርሳል፤ የተሰረሰረ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት

ታዲያ ተማሪው በማን ላይ ይለማመድ? በአውሮፓ ከተሞች ለብዙ ዘመን ጥርስ የሚነቀለው በገበያና በአደባባይ ነበር፤ ረዳቱም የሚማረው ከጌታው ጎን ቆሞ በመጣው ሰው አፍ ላይ ነበር። ኋላም ትምህርት ቤቶች ሲቋቋሙ፣ ከተማሪ እጅ የሚገባው በአብዛኛው ለግል ሐኪም የሚከፍለው የሌለው ድኻ ሆነ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው የአበው ተረት የሚስማማው ለዚህ ነው።

በ1894 በግላስጎው ኦስዋልድ ፈርገስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ለተማሪዎች መለማመጃ የሚሆን ሰው ሠራሽ ራስ ሠራ፤ በብረት ዘንግ ላይ መንጋጋና ጥርስ የተገጠመበት ነበር። ዛሬም የዚያ ዘር የሆኑ፣ የፕላስቲክ ጥርስ የሚተከልባቸው አሻንጉሊት ራሶች በየጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቱ ተደርድረው ይታያሉ።

በሮም፣ አበሻው ሁሉ ከሚያውቀው ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ የጆርጅ ኢስትማን የጥርስ ሆስፒታል ይገኛል። የኮዳክን ኩባንያ የመሠረተው አሜሪካዊው ባለጸጋ ኢስትማን በሮቸስተር፣ በለንደን፣ በሮም፣ በብራስልስ፣ በስቶክሆልምና በፓሪስ ይልቁንም ለሕፃናት የሚያገለግሉ የጥርስ ክሊኒኮች እንዲቋቋሙ ገንዘብ ሰጥቷል። የሮሙን የነደፈው አርናልዶ ፎስኪኒ ሲሆን፣ የተከፈተው ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ከመውረሯ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1933 ነው። ኢስትማን ራሱ በ1932 ስለሞተ ምረቃውን አላየም።

የሚገርመው፣ ይህን የመሰለ ሆስፒታል የነበራት ኢጣልያ ራሱን የቻለ የጥርስ ሕክምና ዲግሪ ያቋቋመችው በ1980 ነው። እስከዚያ ድረስ የጥርስ ሐኪም የሚሆነው የጠቅላላ ሕክምና ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ነበር። በ1985 የወጣው ሕግ ሙያውን ለብቻው አቋቋመው።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ

አውሮፕላን አብራሪዎች ሰማይ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ምድር ላይ በአስመሳይ መሣሪያ እንደሚለማመዱ ይታወቃል። ጥርስ ሐኪሞችም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዴንትሲም የተባለው የእስራኤል መሣሪያ፣ ተማሪው የፕላስቲክ ጥርስ ሲሰረስር እጁን በካሜራ እየተከተለ ስሕተቱን በኮምፒውተር መስኮት ያሳየው ጀመር። ቀጥሎ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሃፕቴል፣ በአምስተርዳም ደግሞ ሲሞዶንት የተባሉት ወጡ። ሲሞዶንትን ከአምስተርዳም የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር የሠራው ሙግ፣ በአውሮፕላን ማብረር መለማመጃዎች የታወቀ ኩባንያ ነው።

በእነዚህ በኋለኞቹ የፕላስቲክ ጥርስ እንኳ የለም። ተማሪው በልዩ መነጽር የጥርሱን ምስል ያያል፤ በእጁ የያዘው እጀታ ከትናንሽ ሞተሮች ጋር የተያያዘ ነው። ኮምፒውተሩ በሴኮንድ እስከ 1,000 ጊዜ እያሰላ እጀታውን መልሶ ይገፋዋል። ጠንካራው የጥርስ ሽፋን ሲነካ እጅ ይከብደዋል፤ የበሰበሰው ሲነካ ሰመጥ ይላል። ተማሪው ጤነኛውን ክፍል ምን ያህል እንደነካ ማሽኑ ይመዘግባል። ጥርሱ ቢበላሽ የሚጎዳ ሰው የለም፤ አሥር ጊዜም ሃምሳ ጊዜም እንደገና ይጀመራል።

ይሁንና ማሽኑ ምራቅ የለውም፤ ምላሱን አያንቀሳቅስም፤ ፈርቶ ወንበሩን ጨምቆ አይዝም። ስለዚህ የመምህሩን ዓይንና የአሻንጉሊቱን ራስ የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም። ዋጋውም ውድ ስለሆነ፣ የጥርስ ሐኪም ከሕዝቡ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት በሆነባት በአገራችን፣ ማሽኑ ከሚገዛበት ይልቅ የሚያሠለጥነው መምህር እንዳይጎድል ማሰብ ይቀድማል።

ነገሩ ለስደተኛው ቅርብ ነው። በኢጣልያ አብዛኛው ሰው ጥርሱን የሚታከመው በግል ከፍሎ ነው፤ ኪሱ ያልፈቀደለት ደግሞ የማስተማሪያ ክሊኒክ በር ያንኳኳል። በዚያ መታከም የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ተማሪው በመምህር ፊት እስከሠራ ድረስ ሥራው ሁለት ጊዜ ይታያል። ታካሚው ግን ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት፣ «የሚሠራልኝ ማነው? የሚቆጣጠረውስ ማነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ቋንቋው የሚያስቸግረው ቋንቋ የሚያውቅ ዘመድ ይዞ ይሂድ። እጅን ለማሠልጠን ድንጋይም፣ ፕላስቲክም፣ ኮምፒውተርም ተገኝቷልና፣ የድኻው አፍ የመጀመሪያው መለማመጃ የሚሆንበት ምክንያት አይኖርም።