በተደጋጋሚ የሚወልቅ ትከሻ፦ የቀዶ ሕክምናው ምንነትና አንዳንዴ የማይሳካበት ምክንያት

ትከሻ ከሰውነት መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚንቀሳቀስ፣ በዚያው ልክ ከሌሎቹ በበለጠ የሚወልቅ ነው። የክንድ አጥንት ክብ ራስ የሚያርፍበት ጉድጓድ ጥልቀት የለውም፤ ራሱን በቦታው የሚያጸኑት የጉድጓዱ ለስላሳ ጠርዝ፣ ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው። በያዮና በአካባቢዋ ቀፎ ለመስቀል ወይም ማር ለመቁረጥ ከወጡበት ዛፍ መውደቅ እንዲሁም የሞተር ሳይክል አደጋ ለዚህ ጉዳት ከሚዳርጉት መካከል ይጠቀሳሉ።

ትከሻ ሲወልቅ መደረግ ያለበት

የወለቀ ትከሻ በፍጥነት፣ ራጅ ከተነሣና የሕመም ማስታገሻ ከተሰጠ በኋላ በሠለጠነ ባለሙያ ሊመለስ ይገባል። በኃይል መጎተት፣ ማሸትና መጠምዘዝ ያልታየ ስብራትን ሊያባብስ፣ ነርቭና የደም ሥርን ሊጎዳ ይችላል። ወደ ወጌሻ በመመላለስ ሳምንታት ካለፉ ትከሻውን ያለ ቀዶ ሕክምና መመለስ አዳጋች ይሆናል። የክንድ ወይም የእጅ መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ ወይም መዛል ከታየ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው።

ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የመጀመሪያው ውልቃት በ20ዎቹ ዕድሜና ከዚያ በታች ባሉ ወጣቶች ላይ ከደረሰ የመደጋገም ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ትከሻው በተደጋጋሚ የሚወልቅ ከሆነና የጡንቻ ማጠናከሪያ ፊዚዮቴራፒ በቂ ካልሆነ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናን ሊመክር ይችላል።

ዋነኞቹ የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የተቀደደውን ለስላሳ ጠርዝ ከአጥንቱ ጋር መልሶ መስፋት ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ባንካርት እ.ኤ.አ. በ1923 ጽፈውበታል። ሁለተኛው ፈረንሳዊው ሐኪም ላታርዤ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረቡት ሲሆን፣ ከትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ጥቂት ክፍል ከነጅማቱ ተቆርጦ በተበላው የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ በብሎን ይታሰራል።

ለምን አንዳንዴ አይሳካም?

የአጥንት መበላት፦ ትከሻ በወለቀ ቁጥር የጉድጓዱ ጠርዝ ይበላል፣ የክንዱም ራስ ይሰረጉዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ የ194 ቀዶ ሕክምናዎች ጥናት፣ ከፍተኛ የአጥንት ጉድለት ባልነበራቸው ታካሚዎች ላይ ከስፌቱ በኋላ ችግሩ የተመለሰው በ4 በመቶ ሲሆን፣ ጉድለቱ በነበራቸው ግን በ67 በመቶ ነው። የአጥንቱ መጠን አስቀድሞ ካልተለካ የማይመጥን ቀዶ ሕክምና ሊመረጥ ይችላል፤ ለዚህም ሲቲ ስካን ይጠቅማል።

ያልታከመ የሚጥል በሽታ፦ በሚጥልበት ጊዜ የሚፈጠረው ብርቱ የጡንቻ መኮማተር የተጠገነውን ይበጥሳል። ስለዚህ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ በመውሰድ ሕመሙን አስቀድሞ መቆጣጠር ያስፈልጋል።

ቶሎ ወደ ሥራ መመለስ፦ ክንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት በማንጠልጠያ ይቆያል፤ ከባድ ሸክም፣ ቁፋሮና ዛፍ መውጣት ግን ወራትን ይጠብቃሉ። ማንጠልጠያው ሲወልቅ ሕመሙ መቀነሱ ጥገናው ጸንቷል ማለት አይደለም።

ሌሎች ምክንያቶች፦ በተፈጥሮ የላሉ ጅማቶች፣ አዲስ አደጋ፣ የቁስል ማመርቀዝ እንዲሁም የብሎን መላላት ናቸው።

ትከሻው ዳግም ቢወልቅ ምክንያቱ በምርመራ ተለይቶ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊደረግ ይችላል። ሆኖም ይህ ከመጀመሪያው የከበደ በመሆኑ የመጀመሪያውን ውሳኔ በሚገባ ማጤን ይመረጣል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ተገልጋዮች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሄዳሉ። እንደ ጉዳቱ ክብደት ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል፣ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ውሳኔ ሲያስፈልግም እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወዳሉ ከፍተኛ ተቋማት በሪፈር ሊላኩ ይችላሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን መያዝ ይኖርባቸዋል።

ታካሚው ትከሻው ስንት ጊዜ እንደወለቀ፣ መጀመሪያ የወለቀበትን ጊዜ፣ የሚጥል በሽታ መኖር አለመኖሩንና የሥራውን ዓይነት ለሐኪሙ ሳይደብቅ ሊያስረዳ፣ ቀድሞ የተነሣቸውንም ራጆች ይዞ ሊቀርብ ይገባል። ተገቢው የቀዶ ሕክምና ዓይነት የሚመረጠው በእነዚህ መረጃዎች መነሻነት ነው።