የመተማው ፎቶ አንሺ

ቀረብ በሉና ስሙኝ፣ ወገኖቼ። ወሩ ጥር ነው፤ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተራግፎ፣ ተሽጦ፣ የቆላው ሰው እጅ ገንዘብ ገብቶ ልጅ የሚዳርበት ወር። ማለዳው ቀዝቀዝ ይላል፤ ረፋድ ላይ ግን የመተማ ፀሐይ አስፋልቱን ያግለዋል። በእንዲህ ያለ ማለዳ አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ከመተማ ዮሐንስ ተነሣና ኮኪትን አልፎ ሠርግ ሊያነሣ ወደ ገንዳ ውኃ ሄደ። ካሜራውን፣ ሌንሶቹንና ፍላሹን የያዘውን ቦርሳ የመኪናው ረዳት ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለው እንቢ አለና ጭኑ ላይ አድርጎ፣ መንገዱን ሁሉ አቅፎት ተጓዘ። ሰሊጥ አርሞ፣ ጥጥ ለቅሞ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛው ነዋ!

መነኸሪያ ሲደርሱም አንዲት እናት ከነጆንያቸው መውረድ አቃታቸው፤ እሱም ቦርሳውን እግሩ ሥር አኖረና ጆንያውን ተቀበላቸው፣ እጃቸውን ይዞም አወረዳቸው፣ እሳቸውም መረቁት፣ ከዚያም ጎንበስ ቢል ቦርሳው የለም።

እናትየው “በእኔ ምክንያት!” ብለው አለቀሱ። እሱ ግን “እማማ፣ የወሰደው ሌባ ነው፤ እርስዎ ምን አደረጉ?” አላቸው። ከዚያም ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አመለከተ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሴሪያል ቁጥር ከቤት አስነብቦ አስመዘገበ፣ ያንኑ ቁጥር ለኤሌክትሮኒክስ ነጋዴዎች አደለ፣ ከሙያ ጓደኛውም ካሜራ ተውሶ ሙሽሮቹን አነሣ።

መተማ ዮሐንስ ከተመለሰ በኋላ ግን ሌሊቱ ከበደው። እጁ ማንገቻውን ፍለጋ ወደ ትከሻው ይሄድና ባዶውን ይመለሳል። ይህን ያዩ አንድ የሰፈር ሽማግሌ አጠገባቸው አስቀመጡትና እንዲህ አሉት፦

“ልጄ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚህ መተማ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚመለሰውን ጦር ደርቡሾች አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት፤ አጎታቸው ራስ አርአያም ከአስከሬኑ አልለይም ብለው እዚያው ወደቁ፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከዚህ የባሰ ምን ይዘረፋል? አገሩ ግን ስማቸውን ለከተማው ሰጠ፤ ይኸው ዛሬም ረዳቱ ‘መተማ ዮሐንስ!’ እያለ ይጣራል። አንተስ ምን እንደቀረህ ቆጥረሃል?”

ልጁም ሲያስበው ሲያስበው አደረና የቀረውን ሊቆጥር በማግስቱ ቀድሞ ያነሣቸውን ሰዎች ቤት ማንኳኳት ጀመረ። ያም ቤት፣ ያም ቤት ግድግዳ ላይ የሱ ሥራ ተሰቅሏል። ፍሬሙን ያወርዱለታል፣ ቡና ያፈሉለታል፣ እሱም አቧራውን በነጠላ ጫፍ ጠርጎ፣ መስታወቱ እንዳያብለጨልጭ ወደ ጥላ አዙሮ በስልኩ ያነሣዋል። አንዷ የሞተ ወንድሟን ፎቶ አውርዳ ስትሰጠው “ይህን ያቆየህልን አንተ ነህ” አለችው፤ እሱም ያን ቀን ከልቡ አለቀሰ፣ ቀለለውም።

ወሬው ዕቁብተኞቹ ዘንድ ደረሰ፤ ዕጣው የወጣለት ሰውም ተራውን ለቀቀለት። በዚያ ገንዘብ ጎንደር ወጥቶ ያገለገለ ካሜራ ገዛና ቁጥሩን በሁለት ወረቀት ጽፎ አንዱን እህቱ ዘንድ አስቀመጠ። የተሰረቀው እስካሁን አልተገኘም፤ እሱ ግን ይሠራል፤ አሮጊት ከነሸክማቸው ሲያይም ዛሬም ይቀበላቸዋል።

እናንተም ወገኖቼ፣ የዕቃችሁን ቁጥር መዝግቡ፣ ቦርሳችሁንም አጥብቃችሁ ያዙ። ያነሣችሁትን ግን ለባለቤቶቹ አድሉ፤ በየቤቱ የተካፈለውን ሌባ በአንድ ቦርሳ አይወስደውም።