የቀጥቃጭ እጅና የላንድክሩዘር ባሌስትራ

ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ ጎማው ወልቆ በካቫሌቶ ላይ የቆመ ላንድክሩዘር ማየቱ አይቀርም። ከጎኑ አዲስ ሞላ፣ አዲስ አሞርዛተርና በካርቶን የታሸገ ጎሚኒ ተደርድሯል። ወጣቶቹ መካኒኮች ሥራውን «ሊፍት» ይሉታል። ዕቃው ከውጭ ስለመጣ ሙያውም አብሮ የመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ዕድሜዬን ከብረት ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። በጣና ዙሪያ መኪናን ከመሬት ከፍ የማድረግ ሙያ የተጀመረው ካርቶኑ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት፣ በቀጥቃጭ ወናፍ ፊት ነው።

የዚህ አገር ሰው በከባድ ጭነትና በክፉ መንገድ መካከል ያለውን ትግል ያወቀው መኪና ሳያይ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በጋሪ ጭነው ወደ መቅደላ አንቀሳቀሱት። መድፉ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝን ነበር። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተቆረጠ፣ ሰው በገመድ እየሳበ ተጓዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መንገዱን ከሠራዊታቸው ጋር በገዛ እጃቸው ጠረጉ። ያኔ የተመረጠው መላ መንገዱን ለመንኮራኩሩ ማስተካከል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው የእኛ ታሪክ ግን በአብዛኛው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ መንገዱ እስኪስተካከል መጠበቅ ስለማይቻል መኪናውን ለመንገዱ እናስተካክላለን። ባሌስትራ የምንለው መኪናውን በአክስሉ ላይ የሚሸከመው የጎበጠ ብረት ነው፤ የባሌስትራ ሥራ የሚባለው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

በ1900 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ተገጣጠሙ። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪናውን ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ አስገባ። በዚያው ዓመት፣ በጥር ወር፣ ዐፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለእጅ በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። መኪናውና የባለሙያው ክብር አብረው ቤተ መንግሥት ደረሱ ማለት ይቻላል። ወደ ገጠር ሲወርዱ ግን መኪናው ቀደመ። እኔ የይልማና ዴንሳ ቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ «ቡዳ ነው» ተብሎ ከአጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ጠፍቶ ነበር። የእነዚያ ልጆች አባቶች ግን አንዳቸውም ሳይቀሩ የሚያርሱት አባቴ በሠራው ማረሻ ነበር።

ካሚዮን ወደ ጣና ዳር በብዛት የገባው ከጦር ጋር ነው። በስታራቼ የሚመራው የኢጣሊያ ባለሞተር ጓድ በ1928 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻ ጎንደርን ያዘ፤ በሚያዝያም ባሕር ዳር ደረሰ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ካሚዮኖች ከኤርትራ ጀምሮ ተራራውን ወጥተው ወርደው መጡ። ወራሪው ከተባረረ በኋላ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው ፊያት፣ ቆይቶም ኤንትሬ፣ የአገራችንን እህልና ሰው ሲያጓጉዙ ኖሩ። ሁሉም የሚቆሙት ተደራርቦ በታሰረ ባሌስትራ ላይ ነው። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች እየተጠገኑ መሄድ ጀመሩ፤ ከዋናው መንገድ አንድ እርምጃ ወጣ ያለ ሹፌር ግን ዕጣው ዋልካና ኮረት ነበር። ባሌስትራ በየጊዜው ይሰበር ነበር፤ የተሰበረውም ወደ ቀጥቃጭ ቤት ይሄዳል።

አባቴ ለማረሻ፣ ለማጭድና ለምሳር ከየትኛውም ብረት አብልጦ የሚወደው የካሚዮን ባሌስትራ ነበር። ብረቱን አንጠልጥሎ በመዶሻ ጫፍ መታ ያደርገውና ድምፁን ያዳምጣል፤ ስንጥቅ ካለበት ድምፁ ታፍኖ ይቀራል፣ ጤነኛ ከሆነ ይጮኻል። ሹፌሮች ይህን ሲያዩ ሌላ ሐሳብ መጣላቸው። ያልተሰበረ፣ ነገር ግን ከጭነት ብዛት ጉብጠቱ ጠፍቶ የተኛ ባሌስትራ ተሸክመው ይመጡ ጀመር። «ይህን ወደ ቀድሞው መልስልኝ» ይሉታል። ሲለምዱ ደግሞ «ከቀድሞው ትንሽ አብልጠህ አጉብጠው» ማለት መጣ። ዛሬ ሊፍት የምንለው ነገር እነሆ ይህ ነው። ባሌስትራው አብልጦ ሲጎብጥ ሻንሲው ከአክስሉ ይርቃል፤ መኪናው ከፍ ይላል።

እኔ ይህን ሥራ በትምህርት ቋንቋ የተረዳሁት ፖሊ ገብቼ ነው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመ ነው። ብረታ ብረት፣ አግሮ ሜካኒክስ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክና ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ይሰጥበት ነበር። የባሌስትራ ብረት 850 ዲግሪ ገደማ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር እጅግ እንደሚጠነክር፣ እንደዚያው ከተተወ ግን እንደሚሰባበር፣ ስለዚህ 450 ዲግሪ ገደማ ደግሞ ሞቆ መለዘብ እንዳለበት እዚያ ተማርኩ። ያኔ አባቴ ሲያደርግ ያየሁት ነገር ትርጉሙ ገባኝ። ከተነከረ በኋላ ብረቱን መልሶ ያሞቅና ደረቅ እንጨት ይፈትግበታል፤ እንጨቱ ሲጨስ ይጠብቃል፣ በብረቱ ላይ ትንንሽ ፍንጣቂ ማውጣት ሲጀምር ከእሳቱ ያነሣዋል። አባቴ ቴርሞሜትር አይቶ አያውቅም። የሚፈልገው ሙቀት ላይ የሚያደርሰው ምልክት ግን ነበረው፤ ያንንም ከአባቱ ነው የተማረው።

ፖሊ ብረቱን ሲያስተምር በከተማው በሌላ በኩል፣ በዓባይ ዳር፣ ሌላ ትምህርት ቤት ተነሣ። በ1965 ዓ.ም. በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ ሰፈራችን ፔዳም ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተጣምረው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በግቢው ዙሪያ ሻይ ቤቱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱና የኪራይ ቤቱ ሲበዛ ጋራዡም አብሮ በዛ። ከተማዋ የክልል መዲና ስትሆን ደግሞ የየቢሮውና የየፕሮጀክቱ የመስክ መኪና እዚሁ ተሰበሰበ።

ከእነዚህ መኪኖች መካከል ዘመኑን የለወጠው ላንድክሩዘር ነው። ቶዮታ 70 የተባለውን ተከታታይ ሞዴል ገበያ ያወጣው በኅዳር 1977 ዓ.ም. ነው፤ አገራችን በዚያ ክፉ ረኀብ ተይዛ ዓለም ሁሉ የሚያያት ጊዜ ማለት ነው። እርዳታ ያለ መኪና አይደርስም፤ መኪናውም በወንዝ፣ በጭቃና በድንጋይ ማለፍ ነበረበት። የጭነት ዓይነቱ ላንድክሩዘር ያኔ የፊቱም የኋላውም ባሌስትራ ነበር። ኋላ፣ በ1991 ዓ.ም. ገደማ፣ የፊቱ በሞላ ተተካ፤ የኋላው ባሌስትራ ግን ቀጠለ። ስለዚህ የካሚዮን ባሌስትራ የለመደ ቀጥቃጭ ለላንድክሩዘርም እንግዳ አልሆነም። በሌላው ዓለም ደግሞ ይኸው ችግር የፋብሪካ ሥራ ወለደ። እ.ኤ.አ. በ1975 ሜልበርን ላይ የተመሠረተው ኤአርቢ ኦልድ ማን ኢሙ በሚል ስም ባሌስትራ፣ ሞላና አሞርዛተር አዛምዶ ይሸጣል፤ መኪናን አብዛኛውን ጊዜ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ የሚያደርግ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሐሳቡ ሳይሆን በመለኪያው ነው።

የቀጥቃጩ መለኪያ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ክረምት ሊገባ ሲል ነው፤ ወደ ፎገራ የሚመላለስ የጤና ሠራተኞች ላንድክሩዘር ኋላው ተኝቶ መጣ። ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፤ ዝቅ ያለ መኪና ዋልካው ውስጥ በሆዱ ይቀመጣል። ሽማግሌው ቀጥቃጭ የባሌስትራውን እስር ፈትቶ አንዱን ካንዱ ለያየ። ከዚያ በሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ ቅስት ሣለ። በውስጥ በኩል እየመታ፣ ሳያግል፣ በቀዝቃዛው አጎበጠው፤ በየጥቂት ምቱ ከጠመኔው መስመር ጋር ያመሳክራል።

«ጋሼ፣ አሁንስ አይበቃውም?» አለው ረዳቱ ልጅ።

«ገና ነው የኔ ልጅ። መስመሩን ሳይሆን ወንድሙን እይ። የግራውና የቀኙ እኩል ካልጎበጡ መኪናው ዕድሜውን ሙሉ አጋድሎ ይሄዳል።»

ሳያግል መምታቱን ልብ ብዬ አይቻለሁ። ብረቱን ቢያግለው ሥራው ይቀልለት ነበር፤ ነገር ግን እንደገና ነክሮ ካላለዘበው የፋብሪካው ጥንካሬ ይጠፋና ባሌስትራው በጥቂት ጊዜ ተመልሶ ይተኛል። ይህን የማያውቅ ሰው በጋዝ አግሎ አጉብጦ ያስረክባል፤ መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ያማረ ይመስላል፣ ገጠር ደርሶ ሲመለስ ግን ከበፊቱ ብሶ ዝቅ ብሎ ነው።

ዕውቀቱ ከቀጥቃጩ ብቻ መጠበቅ የሌለበት ጊዜ ደግሞ አለ። ባሌስትራ ወይም ሞላ ከፍ ሲል የሚነሣው ሻንሲውና ከላዩ ያለው ሁሉ ነው፤ ዲፍረንሻሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም። እርሱን ከመሬት የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። መኪናው በተነሣ መጠን ከካምቢዮ ወደ ዲፍረንሻል የሚሄደው ዘንግ ይበልጥ ያዘቀዝቃል፤ ዘንጉን የሚያያይዘው ክሮቸራ ይጨነቃል፣ መኪናውም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ፊቱ ሞላ በሆነው ላንድክሩዘር ደግሞ የፊት አክስሉ በትንሹ ይዞራል፤ መሪው ይቀላል፣ በአስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ መያዝ ያስቸግራል። የፍሬኑ የጎማ ቱቦ አጭር ከሆነ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ይወጠራል። ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚወጣም በጠመዝማዛ መንገድ መገልበጥ ይቀርባል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ስታፋ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት፤ ጎሚኒው የሚጠብቀውም መኪናው ጎማው ላይ ቆሞ ክብደቱ ሲያርፍበት እንጂ በካቫሌቶ እንደተሰቀለ አይደለም። እነዚህን ሁሉ መጽሐፍ ነው የሚያስተምረው። ብዙ ሹፌርና ተሳፋሪ ዋጋ የከፈለው ግን መጽሐፍ የያዘውና መዶሻ የያዘው ሰው ሳይነጋገሩ በመኖራቸው ነው።

መንገዱም ቢሆን እንደ ድሮው አልቀረም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ዩራፕ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ብዙ ቀበሌዎች የጠጠር መንገድ ገብቷል። ባሕር ዳር ላይ ዓባይን የሚሻገረው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ ማለት ከፍ ያለ መኪና አያስፈልግም ማለት አይደለም። የጠጠር መንገድ ካልተጠገነ በጥቂት ክረምት ይቦረቦራል፤ ዋልካም ዋልካ ነው። በዚያው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ መልካም ነው፤ ባትሪው ግን ከሆዱ ስር ስለሚዘረጋ ፎገራን በክረምት የሚያቋርጥበት ጊዜ ገና ነው። በእጃችን ያለው አሮጌ ላንድክሩዘር ከዚህ በኋላ ይበልጥ ውድ ይሆናል፤ እርሱን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ሰውም እንዲሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ግልጽ ነው። ፖሊ ዛሬም በዩኒቨርሲቲው ሥር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ያስተምራል። የብረት ጥንካሬ የሚለካበት ዘዴና ሙቀት የሚቆጣጠር ምድጃ ለዚያ ዓይነት ቤት እንግዳ አይደለም። በከተማችን ያሉት ባሌስትራ ቀጥቃጮች ሥራቸውን ይዘው ወደዚያ ይጠሩ፤ እንጨት ፈትገው የሚያውቁት ሙቀት በዲግሪ ይለካ፣ በጠመኔ የሚሥሉት ቅስት በሚሊ ሜትር ይጻፍ፣ የተጻፈውም ለወጣት መካኒኮች ማስተማሪያ ይሁን። ሲጻፍም የሰጡት ሰዎች ስም ከነሙያቸው ይቀመጥ። ከ1900ው አዋጅ ወዲህ ቀጥቃጩን አትስደቡ ማለትን ለምደናል፤ ካልሰደብነው ሰው መማር ግን ገና አልጀመርንም። አባቴ ያለ ስም ያለፈበት ሙያ ዛሬ በፔዳ ጋራዦች ውስጥ የየቀኑ እንጀራ ነው፤ ልጆቹ መሆናችንን በግልጽ ብንናገር የሚያኮራን እንጂ የሚያሳፍረን አይሆንም።