ግራዋ

ግራዋ የአደይ አበባ፣ የኑግና የሱፍ ቤተዘመድ ሲሆን ብዙ ዓመት የሚኖር ቁጥቋጦ ወይም አነስተኛ ዛፍ ነው። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሜትር ይሆናል፤ ሲመቸው 10 ሜትር ይደርሳል። አበባው ነጭና ጥቃቅን፣ ቅጠሉ እጅግ መራራ ነው። በኢትዮጵያ ከቆላ እስከ ደጋ በዱር ይበቅላል። በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በወልድያ ዙሪያ የሚስማማው የወንዝ ዳርና የአጥር ጥግ ነው።

ምደባ

ተክሉን በ1826 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው የዕጽዋት ሊቅ ደሊል ነው። ናሙናው የተገኘው ከኢትዮጵያ ሳይሆን ፍሬዴሪክ ካዮ የግብፅን ጦር ተከትሎ ወደ ሱዳን ካደረገው ጉዞ ነው። ደሊል ቬርኖኒያ አሚግዳሊና አለው። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የአፍሪካዎቹን ዝርያዎች ከአሜሪካዎቹ ለይተው ጂምናንቴመም በሚባል ወገን አስገቧቸው። በኢትዮጵያ ጽሑፎች ግን ነባሩ ስም አሁንም በብዛት ይሠራበታል።

በጋን አጠባ

ስለ ግራዋ የሚታተሙ ጥናቶች አብዛኛውን ገጽ ለመድኃኒትነቱ ይሰጣሉ፤ ቤት ውስጥ ግን በቀዳሚነት የሚታወቀው በጠላ ዕቃ ነው። ጠማቂዋ ለጋ ቅጠል ቀንጥሳ ጋኑ ውስጥ ትጨምራለች፣ ውሃ ጠብ አድርጋ ከታች እስከ አፉ ታሸዋለች። አረንጓዴ አረፋ ይወጣል። ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግማ ታለቀልቃለች፤ ከዚያ ጋኑ በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ ጥንስሱም ይከተላል። ሸክላ ያለፈውን ጠመቃ ቅሪት በቀዳዳዎቹ ስለሚይዝ እንዲህ ያለው እሽት ግድ ነው።

ጥቅሙ ማጽዳት ነው ወይስ ጣዕም መስጠት? በዚህ ሐሳብ ይለያያል። አረፋው በቅጠሉ ካለው ሳፖኒን የሚመጣ ነው፤ መራራዎቹ ውህዶችም በቤተ ሙከራ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚገቱ ታይቷል። ይሁንና እሽቱና ጭሱ ተከታትለው ስለሚመጡ የየትኛው ድርሻ እንደሚበልጥ መለየት ያስቸግራል። የጠላው ምሬት ግን የጌሾ ሥራ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት የጠማቂን ሙያ አለማወቅ ይመስላል።

መድኃኒትነት

ጭማቂው ለሆድ ቁርጠት፣ ለትላትልና ለወባ ይጠጣል፤ እንግዴ ልጅ ላልወጣላት ላምም ይሰጣል። የሰው ብቻ ዕውቀት አለመሆኑ ደግሞ ያስገርማል። በ1987 እ.ኤ.አ. በታንዛኒያ ማሃሌ ተራሮች ተመራማሪው ማይክል ሃፍማንና የአካባቢው ተወላጅ መሐመዲ ሰይፉ አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ የግራዋን ለጋ ቅርንጫፍ ልጣ ውስጡን እያኘከች ስትመጥ አዩ። ከቅጠሉና ከልጡ ርቃለች። በማግስቱ በርትታ ታየች። የአካባቢው የቶንግዌ ሕዝብም ይህንኑ ተክል ለሆድ ትል ይወስደዋል። ግኝቱ በ1989 ታትሞ እንስሳት ራሳቸውን ስለማከማቸው የሚደረገው ጥናት መነሻ ከሆኑት ጽሑፎች አንዱ ሆነ።

ወባን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። በ2009 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ የኡጋንዳ ሙከራ የግራዋ ቅጠል ዝፍዝፍ ከጠጡት ሕሙማን በ67 ከመቶው በ14ኛው ቀን በቂ መሻሻል ቢያሳይም፣ ከተሻላቸው ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስያኑ ሙሉ በሙሉ ከደማቸው የጠፋው በ32 ከመቶው ብቻ ነበር። ስለዚህ ግራዋ ወባ በሚያሰጋው የሀብሩ ቆላ የጤና ጣቢያን ሕክምና የሚተካ አይደለም።

አተካከል

ዘሩ ቀላልና ላባማ ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል፣ አበቃቀሉም አያስተማምንም። ስለዚህ የጠና ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ክረምት ሲገባ በእርጥብ አፈር ዘንበል ተደርጎ ይተከላል። ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል።

ሀብሩ ውስጥ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በማሽላ ይታወቃል፤ ግራዋ ግን በየጓሮው በልማድ የሚተከል ነው። ለአጥር ይውላል፣ ቅጠሉ በፕሮቲን ስለበለጸገ ለፍየል መኖ ይሆናል፣ በበጋ ሲያብብም ንብ ይቀስመዋል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የግራዋ ማር ለብቻው ተለይቶ ይታወቃል።