የመኪና ጎማ ሲቀየር፦ አራቱም ጎማዎች ለምን መመሳሰል አለባቸው?

በካፋ ዞን የሚያሽከረክር ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ብዙ ዓይነት መንገድ ይገጥመዋል። ከጅማ ተነስቶ የጎጀብን ወንዝ በመሻገር ቦንጋ የሚደርሰው፣ ከዚያም በውሽውሽ በኩል ወደ ሚዛን አማን የሚዘልቀው ዋና መስመር አስፋልት ቢሆንም ዳገት፣ ቁልቁለትና ጥምዝ የበዛበት ነው። ከዋናው መስመር ወደ ወረዳዎችና ቀበሌዎች ሲታጠፍ ደግሞ ጠጠርና ጭቃ ይከተላል። ዝናብ ከዓመቱ አብዛኛውን ክፍል በሚሸፍንበት በዚህ አካባቢ መኪናውን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት አራት ጎማዎች ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ጎማ በየቅጽበቱ መንገዱን የሚነካውም የእጅ መዳፍ በምታህል ስፍራ ነው።

ጎማ ውድ ዕቃ በመሆኑ ብዙ ባለንብረቶች የሚቀይሩት ያለቀውን ወይም የፈነዳውን ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ አንድ መኪና የተለያየ ስፋት፣ ጥርስና ዕድሜ ያላቸውን አራት ጎማዎች ተጭኖ ይገኛል። በደረቅ ሜዳ ላይ ልዩነቱ ላይሰማ ይችላል። በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ግን መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎተታል፣ ወይም የኋላው አካል መንገዱን ይስታል። ደካን ጨምሮ በቦንጋና በዙሪያዋ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ጎማ ከመግዛታቸው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ቢያውቁ ሕይወታቸውንም ገንዘባቸውንም ይጠብቃሉ።

በጎማ ጎን ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

ጎማ የሚመረጠው በዓይን ግምት ሳይሆን በጎኑ ላይ በታተመው ጽሑፍ ነው። ለምሳሌ በብዙ ፕራዶና ፒካፕ መኪኖች ላይ የሚታየው 265/65 አር 17 የሚለው መለኪያ ሦስት ነገሮችን ይገልጻል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎማው የጎን ከፍታ ከስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ያሳያል። 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። በመካከል ያለው አር የሚለው ፊደል ጎማው ራዲያል አሠራር እንዳለው ያመለክታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥርና ፊደል ብዙ ጊዜ ቢዘነጋም የደኅንነት ጉዳይ ነው። ቁጥሩ አንድ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት ይወስናል፤ 91 ማለት 615 ኪሎ ግራም፣ 112 ማለት ደግሞ 1 ሺህ 120 ኪሎ ግራም ነው። ፊደሉ የሚፈቀደውን ከፍተኛ ፍጥነት ያሳያል፤ ኤስ በሰዓት 180፣ ኤች 210፣ ቪ ደግሞ 240 ኪሎ ሜትር ነው። ቡናና ማር ጭኖ ለሚመላለስ መኪና የክብደቱ ቁጥር ከፍጥነቱ ፊደል ይበልጥ ወሳኝ ነው። በአንድ አክስል ላይ ካሉት ሁለት ጎማዎች አንዱ ዝቅተኛ የመሸከም ዐቅም ካለው የአክስሉ ዐቅም የሚለካው በደካማው ነው።

ለመኪናው የሚስማማው ትክክለኛ መጠንና የነፋስ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር ማቀፊያ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። መኪናው ላይ ያለው አሮጌ ጎማ ቀድሞ በስሕተት የተገጠመ ሊሆን ስለሚችል እርሱን ብቻ አይቶ መግዛት አይመከርም።

የፊትና የኋላው ልዩነት በአምራቹ ሲታዘዝ

ጎማዎች መመሳሰል አለባቸው ሲባል ሁልጊዜ አራቱም አንድ መጠን ይሁኑ ማለት አይደለም። የስፖርት መኪኖች ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ናቸው። ስምንተኛው ትውልድ ፖርሽ 911 ካሬራ ከፊት 235/40 አር 19፣ ከኋላ 295/35 አር 20 ጎማ ይዞ ከፋብሪካ ይወጣል። ሞተሩ ከኋላ ስለሚገኝና ኃይሉን ወደ መሬት የሚያስተላልፉት የኋላ እግሮች ስለሆኑ የኋላው ጎማ እንዲሰፋ ተደርጓል።

እንዲህ ያለው አሠራር ለኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎች እንግዳ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ጨምሯል። ከእነዚህ መካከል በብዛት የሚታየው ቮልስዋገን አይዲ ፎር በበርካታ ሞዴሎቹ ከፊት 235/55 አር 19፣ ከኋላ 255/50 አር 19 ጎማ ይጠቀማል። ሁለቱ መጠኖች በስፋት 20 ሚሊ ሜትር ቢለያዩም ሲሰላ የፊተኛው ዲያሜትር 741፣ የኋለኛው ደግሞ 738 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው አራት ተመሳሳይ ጎማ ገዝቶ ቢገጥም ወይም የፊቱን ከኋላ ቢያዛውር አምራቹ ያሰበውን ሚዛን ያፋልሳል። በዚህ ጊዜ ተመሳሳይ ጎማ ማለት በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ በሁሉም ነገር አንድ ሲሆኑ፣ የፊትና የኋላዎቹም አንድ አምራች ለአንድ ዓላማ የሠራቸው ሲሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከባድ ስለሆነ የመሸከም ዐቅም ቁጥሩን ማየትም ግድ ይላል።

በአራት እግር የሚነዱ መኪኖች

በካፋ መንገዶች ላይ ተፈላጊ የሆኑት አራቱም እግሮቻቸው የሚነዱ መኪኖች ለጎማ ልዩነት ከሌሎቹ ይበልጥ ስሱ ናቸው። ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። 265/65 አር 17 የሆነ አዲስ ጎማ ዲያሜትሩ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአዲሱ ጎማ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር፣ የአሮጌው ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ የአሮጌው ዲያሜትር በ10 ሚሊ ሜትር ያንሳል። በዚህ ምክንያት አዲሱ በአንድ ኪሎ ሜትር 410 ጊዜ ሲዞር አሮጌው 415 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከቦንጋ እስከ ጅማ ባለው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ ልዩነቱ ከ500 ዙር በላይ ይደርሳል።

አራቱም እግሮቹ ሁልጊዜ በሚነዱ መኪና ላይ ይህን ልዩነት ያለማቋረጥ የሚያቻችለው የመካከለኛው ዲፈረንሻል ነው። ክፍሉ ይሞቃል፣ ዘይቱ ይበላሻል፣ በመጨረሻም ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ ከአራት ጎማ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የፊቱ እግር በአሽከርካሪው ትእዛዝ ብቻ በሚገባባቸው ፒካፖችና የሥራ መኪኖች ላይ ደግሞ ጉዳቱ የሚታየው በአራት እግር ማርሽ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲነዱ ነው። ስለዚህ በእነዚህ መኪኖች ላይ አራቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር ይመረጣል። አንዱ ብቻ በአደጋ ከተበላሸ የጥርሱ ጥልቀት ከቀሪዎቹ ጋር የሚቀራረብ፣ ዓይነቱም አንድ የሆነ ጎማ መፈለግ ይገባል።

ሁለት ብቻ መግዛት ከተቻለ

ዐቅም ሁለት ጎማ ብቻ ሲፈቅድ ብዙዎች አዲሶቹን ከፊት ያስገጥማሉ፤ መሪው ያለው ከፊት ነው በሚል። የጎማ አምራቾች የሚመክሩት ግን አዲሶቹ ከኋላ እንዲሆኑ ነው። የፊት ጎማ በውኃ ላይ ሲንሸራተት አሽከርካሪው በመሪው ይሰማዋል፣ ፍጥነቱን ሲቀንስም መኪናው ወደ መስመሩ የመመለስ ዕድል አለው። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል፤ በጥምዝ ቁልቁለት ላይ ይህን ለመመለስ ጊዜ አይገኝም። ምክሩ በፊት እግር ለሚነዱ መኪኖችም ይሠራል። ከፊት የሚቀሩት ጎማዎች ግን ያላለቁ መሆን አለባቸው።

የጎማ ጥርስ ማለቂያ ምልክት በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ የተሠራች ከፍ ያለች መስመር ናት፤ ቁመቷም 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ከመስመሯ ጋር ሲስተካከል ጎማው አብቅቷል። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ ግን ጥርሱ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር ይበጃል፤ ጥልቀቱ ሲቀንስ ውኃን ከሥር የማስወጣት ዐቅሙም አብሮ ይቀንሳልና።

የምርት ዘመኑና የዘመን አቆጣጠሩ

ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ ጋር የሚገኙት የመጨረሻ አራት አኃዞች ጎማው የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ገዢ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። 1517 የሚል ጎማ በ2017 ዓ.ም. የተመረተ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቁጥሩ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ የተመረተው በ2017 በ15ኛው ሳምንት፣ ማለትም በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ነው። አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠ ጎማ በዚህ ስሕተት ብቻ ብዙ ዓመት ያለፈው ሊሆን ይችላል።

ጎማ ሳይሠራበት ቢቀመጥም ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ብዙ መኪና አምራቾች 6 ዓመት ያለፈው ጎማ እንዲቀየር የሚመክሩ ሲሆን፣ ጥርሱ ባያልቅም ከ10 ዓመት በላይ መጠቀም ተገቢ አይደለም። ላዩ በቀለም ያብረቀረቀ ያገለገለ ጎማ ሲገዛም መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ቁጥር መሆን አለበት።

የጥርስ ዓይነትና አገጣጠም

ለጭቃ የተሠራ ጥርሰ ሻካራ ጎማ በገጠር መንገድ ላይ ኃይለኛ ነው፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን አያያዙ ይቀንሳል። የአስፋልት ጎማ በተቃራኒው ጭቃ ውስጥ ይሞላና ይሽከረከራል። አስፋልቱንም ጠጠሩንም በየዕለቱ ለሚጠቀም አሽከርካሪ ለሁለቱም የሚሆነው መካከለኛ ዓይነት ይስማማል። ሁለቱን ደባልቆ በአንድ አክስል ላይ መግጠም፣ ራዲያል የሆነውን ራዲያል ካልሆነው ጋር ማጣመርም አደገኛ ነው።

አንዳንድ ጎማዎች የመዞሪያ አቅጣጫቸው በቀስት ይመለከታል፤ ሌሎች ደግሞ የትኛው ገጽ ወደ ውጭ መሆን እንዳለበት ተጽፎባቸዋል። ጎሚስታው እነዚህን ምልክቶች ተከትሎ መግጠሙን ባለቤቱ ቆሞ ቢያይ መልካም ነው። ከገጠማ በኋላ ባላንስ ማሠራት፣ አላይመንት ማስተካከልና ጎማው ሳይሞቅ ነፋሱን መለካት ይከተላል። አራቱም አንድ መጠን ከሆኑ በየ8 ሺህ እስከ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር የፊቱንና የኋላውን ማቀያየር እኩል እንዲያልቁ ያደርጋል። ስኮርታውም ከአራቱ ጋር አንድ መጠን ቢሆን በመንገድ ላይ ችግር አይፈጥርም።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ። በሁለት ምርመራዎች መካከል ያለው የአንድ ዓመት ጉዞ ግን የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ጎማ ለመግዛት የሚወጣ ሰው በሱቁ ደጃፍ አምስት ነገሮችን ቢያረጋግጥ በቂ ነው፤ መጠኑን፣ የመሸከም ዐቅሙን፣ የጥርሱን ዓይነት፣ የምርት ዘመኑን፣ እንዲሁም ከጎኑ ከሚገጠመው ጎማ ጋር አንድ መሆኑን።