ከርስት እስከ ረባኑት ደጅ፦ የጥምቀት ጥያቄ በቤተ እስራኤል ታሪክ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኪርያት ጋት ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሣሉ፤ «በ1985 አባቶቻችን በረባኑት ደጅ ለምን ተቀመጡ? ውሃ ውስጥ ገብቶ መውጣት ምን ያህል ከባድ ነገር ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን በወገራ ድል ካደረገ በኋላ፣ የክርስትና ጥምቀት ያልተቀበለ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ማወጁን ዜና መዋዕሉ ይተርካል። አባቶቻችን ከርስቱ ኦሪትን መረጡ። ከዚያ ወዲህ በሰው መሬት ጢሰኛ ሆነው፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ፣ ሸማ እየሸመኑ፣ «ቡዳ» እየተባሉ ኖሩ። በ1862 በአባ ማሐሪ መሪነት ወደ ኢየሩሳሌም በእግር የተነሣውም ሕዝብ ብዙው በመንገድ በረሃብና በበሽታ አለቀ። መሬት በሕግ ያገኘነው ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው።

ውሃስ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። እናቶቻችን ከመርገም ጎጆ ሲወጡ በወንዝ ይነጹ ነበር። ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር የተነካካም ታጥቦ ነበር ወደ መንደር የሚገባው፤ ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» ያሉን ስለዚህ ነው። እንግዲህ የከበደው ውሃው ሳይሆን ትርጉሙ ነበር።

በ1973 ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የመጡ አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ። በ1975 የመመለስ ሕግ ለእኛም እንዲሠራ ተወሰነ። ይሁን እንጂ በ1953 ሕግ መሠረት የአይሁድ ጋብቻና ፍቺ በረባኑት እጅ ነው። በዘመቻ ሙሴ ብዙ ሺህ ሰው ከገባ በኋላ፣ ረባኑት በዘመናት ርቀት በፍቺና በጋብቻ ሥርዓታችን ላይ ጥርጣሬ አለ በማለት፣ ለማግባት የሚፈልጉ በሚቅዌ እንዲጠመቁ ጠየቀ። በእነርሱ ዘንድ ጥንቃቄ ነበር፤ በአማርኛችን ግን ቃሉ አንድ ነው፤ ጥምቀት።

እኔም ጋብቻዬን ላስመዘግብ በሄድሁበት ቢሮ ይኸው ተጠየቅሁ። አባቴ ነገሩን ሲሰሙ ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለዚህማ ያን ጊዜ ተጠምቀን ርስታችንን ይዘን በቀረን» አሉ።

በ1985 የበዓላት ሰሞን ቄሶች፣ ሽማግሌዎችና ወጣቶች በኢየሩሳሌም በረባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሺሞን ፔሬስ በመካከል ገብተው ስምምነት ቢደረስም፣ ችግሩ በየመዝገብ ቤቱ ቀጠለ። የናታንያው ረቢ ዳዊድ ሸሉሽ ያለ ጥምቀት ያጋቡ ስለነበር፣ ብዙ ሙሽሮች ከሩቅ ከተማ ወደ እርሳቸው ሄደዋል። ትዳሩ እንዳይዘገይ ብሎ የተጠመቀም አለ፤ በእርሱ ላይ መፍረድ አይገባም።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለሹመት የሃይማኖት ፈተናን ይከለክላል፤ በ1791 የጸደቀው ማሻሻያም መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም ያግዳል። ሆኖም በ1960 ካቶሊኩ ጆን ኬኔዲ ስለ እምነቱ በፓስተሮች ፊት ቆሞ ማስረዳት ግድ ሆኖበታል። ሕግ ያልጠየቀውን ሕዝብ ጠየቀው። በሌላ በኩል በ1985 መቶውም ሴናተሮች በሱዳን ለቀሩት ወገኖቻችን ለፕሬዚዳንት ሬገን ፈርመው ጽፈዋል፤ ዘመቻ ኢያሱም በዚያው ዓመት ተከናወነ። እምነት በፖለቲካ ውስጥ በር ይዘጋል፣ በርም ይከፍታል።

የእኛም በር በዝግታ ተከፍቷል። በ2008 ክኔሴት ስግድን የአገር በዓል አደረገ። በ2020 ደግሞ የረባኑት ምክር ቤት የረቢ ዖቫድያን ፍርድ መቀበሉ ይፋ ሆነ፤ ከፍርዱ በኋላ 47 ዓመት መሆኑ ነው።

አባቴ ያን ቀን አላዩም። ልጆቻችን ሆይ፣ በረባኑት ደጅ ከተቀመጡት በሕይወት ያሉትን ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉ። ያልተጻፈ ነገር ከተናጋሪው ጋር ይቀበራልና።